ሰርጌይ ፕሮኮፍዬፍ፥ ለሕፃናት የሙዚቃ መሣሪያዎችን ያስተዋወቀው የዜማ ደራሲ

በዚህ ዓመት መጀመሪያ ላይ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ የሙዚቃ መምህራችን የታችኛውን ክፍል ሕፃናትና እኛን የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎችን በአንድነት ወደ አዳራሹ ሰብስበው አንድ ሙዚቃ አሰሙን። ስለ ሙዚቃው ስምም ሆነ ስለ ደራሲው አስቀድመው አንዳች አልነገሩንም። ልዩ ልዩ መሣሪያዎች በየተራ አጭር አጭር ዜማ ሲያሰሙ፥ እያንዳንዱ ድምፅ የምን እንስሳ ወይም የምን ዐይነት ሰው እንደሚመስለን በወረቀት ላይ እንድንጽፍ ብቻ አዘዙን። ወረቀቱ ተሰብስቦ ሲታይ ሕፃናቱ ወፏንም ድመቷንም አልሳቱም። እኛ ግን ዳክዬዋን ጕንፋን የያዘው ሽማግሌ፥ ሽማግሌውን ደግሞ ጕማሬ አድርገን ጽፈን ተገኘን። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፤ እኛም ከመሳቅ በቀር የምንለው አልነበረንም።

18 ዓመት ሞልቶን በ8 ዓመት ልጆች መበለጣችን ቢያሳፍረንም ነገሩ ከሐሳባችን ሊጠፋ ስላልቻለ፥ ይህን ሙዚቃ የደረሰው ሰው ማን እንደ ነበረ ከቤተ መጻሕፍት ፈልገን ለመረዳት ተነሣን። ያገኘነውም ታሪክ ለሕፃናት ተረት ከጻፈ ሰው ከጠበቅነው ይልቅ ከባድ ሆነብን። በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ለአንባቢዎቻችን፥ ይልቁንም ለወላጆቻችን፥ ልናቀርበው ወደድን። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

ሰርጌይ ፕሮኮፍዬፍ የተወለደው በኤፕሪል 23 ቀን 1891 ዓ.ም. ሶንጾቭካ በተባለች የገጠር መንደር ነው። መንደሪቱ በዚያን ጊዜ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ውስጥ ነበረች፤ ዛሬ ያለችው በምሥራቅ ዩክሬን በዶኔትስክ አውራጃ ነው። አባቱ የእርሻ ሊቅ ሆኖ የአንድ ባለርስት መሬት ያስተዳድር ነበር። ከእርሱ በፊት የተወለዱት ሁለት እኅቶቹ በሕፃንነታቸው ስለ ሞቱ፥ እናቱ ማሪያ ግሪጎርዬቭና ልቧ ሁሉ በዚህ በአንድ ልጅዋ ላይ ዐረፈ። እርሷም ፒያኖ ትጫወት ስለ ነበረ ልጁ ማታ ማታ አልጋው ላይ ሆኖ የቤትሆቨንንና የሾፓንን ሙዚቃ እየሰማ ያንቀላፋ ነበር።

5 ዓመት ሲሆነው የራሱን ዜማ ፈጠረ፤ ስሙንም የሕንዶች ግልቢያ አለው። ፒያኖ ነጫጭና ጥቋቍር ጣቶች እንዳሉት አንባቢ ያውቃል። ዜማው በደንቡ መሠረት አንድ ጥቍር ጣት መንካት ሲኖርበት ብላቴናው ጥቋቍሮቹን ለመንካት ገና ስላልደፈረ በነጩ ብቻ አለፈው። ዜማውን በወረቀት ያሰፈረችለት እናቱ ናት። በ9 ዓመቱ ደግሞ ወላጆቹ ወደ ሞስኮ ወስደው ኦፔራ፥ ማለት በዘፈን የሚነገር ቴያትር፥ ቢያሳዩት ወደ ቤቱ ተመልሶ ግዙፉ የሚባል የራሱን ኦፔራ ጻፈና ከዘመዶቹ ጋር ሆኖ በቤት ውስጥ አሳየ።

በ1902 ዓ.ም. የበጋ ወራት ግሊዬር የተባለ ወጣት የዜማ ደራሲ ልጁን እንዲያስተምር ከሞስኮ ወደ ሶንጾቭካ መጣ፤ በሚከተለውም በጋ ተመለሰ። ይህ መምህር ጧት ጧት ትምህርቱን ካስተማረ በኋላ ከልጁ ጋር እንደ እኩያው ሆኖ ይጫወት ነበር። እንደ እኛ አስተያየት ፕሮኮፍዬፍ በኋላ ለሕፃናት ሲጽፍ እንደ ትልቅ ሰው ከላይ ወደ ታች ሳይመለከታቸው መጻፉ ከዚህ የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

በ1904 ዓ.ም. 13 ዓመት ሲሆነው በፒተርስቡርግ ከተማ ወዳለው ታላቅ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ለመግባት ተፈተነ። ከእርሱ በፊት የቀረበው ተፈታኝ ጢም ያለው ሰው ሲሆን የያዘው አንድ ሥራ ብቻ ነበር። ፕሮኮፍዬፍ ግን 4 ኦፔራዎች፥ 2 ሶናታዎች፥ አንድ ሲምፎኒና ብዙ የፒያኖ ዜማዎች በሁለት አቃፊ ተሸክሞ ገባ። ከፈታኞቹ አንዱ ስመ ጥሩው ሪምስኪ ኮርሳኮፍ ሲሆን በልጁ ደስ ተሰኘ። የክፍል ጓደኞቹ ግን ደስ አልተሰኙበትም። ከሁሉም ታናሽ ሆኖ ሳለ የእያንዳንዱን ተማሪ ስሕተት በደብተሩ እየቈጠረ ይመዘግብ ነበርና ነው። እንዲህ ያለ ልጅ በእኛም ክፍል አለ፤ ስሙን ግን አንጠቅስም።

በትምህርቱ መጨረሻ በ1914 ዓ.ም. ለታላቁ የፒያኖ ሽልማት ሲወዳደር፥ የቀድሞ ሊቃውንት የጻፉትን በመጫወት ፈንታ ራሱ የጻፈውን ኮንቼርቶ ተጫወተ። መምህራኑ ቢከራከሩም አሸነፈና አንድ ፒያኖ ተሸለመ። በዚያው ዓመት በኋላ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ካፓብላንካ ከብዙ ሰዎች ጋር በአንድ ጊዜ ቼዝ ሲጫወት ፕሮኮፍዬፍም ከተጋጣሚዎቹ አንዱ ሆኖ አንድ ጨዋታ አሸንፎታል። በዚህም ከፒያኖው ባላነሰ ይኰራበት ነበር ይባላል።

በ1917 ዓ.ም. በሩሲያ አብዮት ተነሣ። በሚከተለው ዓመት ፕሮኮፍዬፍ ከአዲሱ መንግሥት ፈቃድ ተቀብሎ በሳይቤሪያና በጃፓን በኩል አድርጎ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በውጭ አገር ስላሳለፋቸው 18 ዓመታት ብዙ መናገር ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ወደ ዋናው ጉዳያችን ለመድረስ እንቸኵላለን። በ1921 ዓ.ም. የሦስቱ ብርቱካኖች ፍቅር የተባለው ኦፔራው በሺካጎ ታየ፤ በ1923 ዓ.ም. ሊና የተባለች ዘፋኝ አገባ፤ ሁለት ወንዶች ልጆች ወለዱ፤ በፓሪስም ተቀመጡ። ስሙ በአውሮጳና በአሜሪካ ገነነ። ሆኖም በሄደበት ሁሉ የሩሲያን ክረምትና በጎዳና የሚሰማውን የሩሲያን ቋንቋ ይናፍቅ ነበር። በመጨረሻም በ1936 ዓ.ም. ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ በሞስኮ ለመኖር ጠቅልሎ ገባ። ወዳጆቹ ብዙዎች ይህን ውሳኔውን ሊረዱለት አልቻሉም፤ እኛም ፍጻሜውን ካወቅን በኋላ ብዙ ተከራክረንበታል።

በሞስኮ ለሕፃናት ብቻ የሚሠራ አንድ ቴያትር ቤት ነበረ። አስተዳዳሪዋም ናታልያ ሳጽ የተባለች ብርቱ ሴት ነበረች። ፕሮኮፍዬፍ ልጆቹን ይዞ ወደዚህ ቴያትር ይመላለስ ስለ ነበረ ተዋወቁ። እርሷም በ1936 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፥ ሕፃናት የኦርኬስትራን መሣሪያዎች አንድ በአንድ ለይተው የሚያውቁበት ሙዚቃ እንዲጽፍላት ለመነችው። አንድ ሌላ ሰው በግጥም ያዘጋጀችው ተረት ቢቀርብለት ቤት መምታቱ ሙዚቃውን ይሸፍናል ሲል አልተቀበለውም። ተረቱን ራሱ በተራ ንግግር ጻፈው። የፒያኖውን ጽሑፍ በአንድ ሳምንት ያህል ጨርሶ፥ ለኦርኬስትራ የማከፋፈሉን ሥራ በኤፕሪል 24 ቀን ፈጸመ። ሙዚቃው ጴጥሮስና ተኵላው ተባለ።

ተረቱ ቀላል ነው። ጴጥሮስ የተባለ ብላቴና ማለዳ የአያቱን ቤት በር ከፍቶ ወደ መስክ ይወጣል። በዛፍ ላይ ወፍ አለች። ዳክዬዋም በተከፈተው በር ሾልካ ወጥታ ወደ ኵሬው ትገባለች፤ ሁለቱም፥ አንዷ መብረር፥ ሌላዋ መዋኘት ባለመቻላቸው ይሰዳደባሉ። ድመቷ እያደባች ትመጣለች። አያቱ ተቈጥቶ ጴጥሮስን ወደ ቤት አስገብቶ በሩን ይዘጋል። ከዚያም ተኵላው ከጫካ ይወጣና ዳክዬዋን ይውጣታል። ጴጥሮስ ግን በግንቡ ላይ ወጥቶ በገመድ የተኵላውን ጅራት ያንቀዋል፤ አዳኞች እየተኰሱ ሲደርሱም እንዳይገድሉት ለምኖ ወደ አራዊት መጠበቂያ በሰልፍ ይወስዱታል።

ጥበቡ ያለው ለእያንዳንዱ በተሰጠው መሣሪያ ላይ ነው። ለወፏ የተሰጣት ፍሉት ነው። የዋሽንታችን ዘመድ ሲሆን፥ ዋሽንት ወደ ታች ተይዞ ሲነፋ ፍሉት ግን ወደ ጎን ተይዞ ይነፋል። ለድመቷ ክላሪኔት ተሰጣት፤ ያውም በወፍራሙ ድምፁ፥ እየቈረጠ እየቈረጠ፥ እንደ ድመት እግር በቀስታ የሚረግጥ ሆኖ። ለአያቱ ባሱን የሚባለው ታላቅ የእንጨት መሣሪያ ደረሰው፤ ቱቦው ታጥፎ የተሠራ እንጂ ቢዘረጋ ርዝመቱ ከ2 ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ ድምፁም እንደ ተቈጣ ሽማግሌ ያጕረመርማል። ተኵላው በ3 ሆርኖች ይመጣል። ጴጥሮስ ራሱ ባለ አውታሮቹን በሙሉ፥ ማለት ቫዮሊንንና ታላላቅ ወንድሞቹን፥ ይዞ ይሄዳል። ቫዮሊን እንደ መሰንቆ በፈረስ ጭራ የሚመታ ሲሆን አውታሮቹ 4 ናቸው።

ዳክዬዋ በኦቦ ትናገራለች፤ እኛን ያሳሳተን ይኸው ነው። በኦቦ ጫፍ ላይ ከሸምበቆ የተላጡ ሁለት ስስ ልሳኖች ገጥመው ይታሰራሉ። ተጫዋቹ በከንፈሩ መካከል ይዞ ሲነፋባቸው እየተንቀጠቀጡ ያን በአፍንጫ የሚነገር የሚመስለውን ድምፅ ይሰጣሉ። ስለዚህ ጕንፋን የያዘው ሰው ማለታችን ፈጽሞ ስሕተት አልነበረም ብለን ለመምህራችን አመልክተናል፤ ማርክ ግን አልጨመሩልንም።

የአዳኞቹን ተኵስ የሚያሰማው ቲምፓኒ ከትልቁ ከበሮ ጋር ሆኖ ነው። ቲምፓኒን በሥዕል ስናየው ደነቀን፤ ምክንያቱም እንደ ነጋሪት ሁሉ ሆዱ እንደ ድስት የጐደጐደ ሆኖ ቆዳው በአፉ ላይ ብቻ ተወጥሮበታልና። ይህ ዐይነት ከበሮ ወደ አውሮጳ የገባው ከመካከለኛው ምሥራቅ ነው፤ ዐረቦችና ቱርኮች ጥንድ ጥንዱን በግመልና በፈረስ ላይ ጭነው በሰልፍ ይመቱት ነበር። በአገራችንም የነገሥታቱ ነጋሪት በበቅሎ ተጭኖ ይጐሰም እንደ ነበረ አያቶቻችን ነግረውናል። ኦቦም የተሠራው በ17ኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይ አገር ሲሆን፥ የበፊት ዘመዱ በምሥራቅ አገሮች በሠርግና በሰልፍ የሚነፋው ዙርና ነው። ክላሪኔት በ1700 ዓ.ም. አካባቢ በጀርመን አገር በኑረምበርግ ከተማ ተፈለሰፈ፤ ቫዮሊን በ16ኛው መቶ ዓመት በሰሜን ኢጣሊያ ወጣ፤ ሆርንም ከአዳኞች ቀንድ የመጣ ነው። እንግዲህ የአውሮጳ የሚባለው ኦርኬስትራ ከብዙ አገር የተሰበሰበ ጉባኤ መሆኑን ከዚህ ሙዚቃ የተነሣ ተማርን።

በበኩላችን ተረቱን በአገራችን መሣሪያዎች ለመሥራት ሞክረን ነበር። ለወፏ ዋሽንት፥ ለድመቷ ክራር፥ ለጴጥሮስ መሰንቆ፥ ለአዳኞቹ ከበሮ አደረግን። ለአያቱ በገና እጅግ ይስማማው ነበር፤ ነገር ግን በገና የጸሎት መሣሪያ ስለ ሆነ ለተረት ልናውለው አልደፈርንም። ለዳክዬዋ የሚሆን ፈልገን ስላጣን አንድ ጓደኛችን አፍንጫውን ይዞ በመጮኽ ተወጣልን። በወላጆች ቀን ባሳየነው ጊዜ ከሁሉ ይልቅ የተጨበጨበለት እርሱ ነው።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ፕሮኮፍዬፍ ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት መሣሪያዎቹ ለሕፃናቱ እንዲታዩና ዜማቸው አንድ በአንድ እንዲሰማ በድርሰቱ መግቢያ ላይ አዘዘ። በሜይ 2 ቀን 1936 ዓ.ም. በሞስኮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ። ነገር ግን ናታልያ ሳጽ ስለ ታመመች ተረቱን ያነበበው ያልተዘጋጀ ሰው ነበር፤ ሕዝቡም ጥቂት ነበረ፤ ልብ ያለው ሰው አልተገኘም። ከዚያ በኋላ ሳጽ ድና ራሷ ተረቱን እየነገረች በሕፃናት ፊት ሲቀርብ ግን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላው ተፈላጊ ሆነ።

በሚከተለው ዓመት በ1937 ዓ.ም. ናታልያ ሳጽ ታሰረች። ያን ጊዜ በስታሊን መንግሥት ሰው ሌሊት ከቤቱ ተወስዶ የሚጠፋበት ዘመን ነበረ፤ የመንግሥት ሹም የነበረው ባሏም በዚያው ዘመን ተይዟል። 5 ዓመት በግዞት ሰፈር ተፈረደባት። ሕፃናት ዳክዬዋን በኦቦ ድምፅ ለይተው ሲያውቁ፥ ሙዚቃውን ያስጻፈችው ሴት በእስር ነበረች።

ፕሮኮፍዬፍ በ1938 ዓ.ም. ለመጨረሻ ጊዜ ወደ አሜሪካ ሄደ። በቦስተን ከተማ ጴጥሮስና ተኵላውን ራሱ መራው፤ በሆሊውድም ዋልት ዲስኒን አግኝቶ ሙዚቃውን በፒያኖ አሰማው፤ ዲስኒም በ1946 ዓ.ም. ፊልም አድርጎ አወጣው። በ1939 ዓ.ም. የቦስተን ኦርኬስትራ በሸክላ ቀርጾት ስለ ነበረ ወደየቤቱ ገባ፤ ወላጆችና ልጆችም ግራማፎኑን ከበው የትኛው ድምፅ የትኛው እንደ ሆነ ይከራከሩበት ጀመር። እርሱ ግን ሁለቱ ልጆቹ በሞስኮ ቀርተው ነበርና ተመለሰ። ከዚያ በኋላ እስከ ሞቱ ድረስ ከአገሩ አልወጣም።

በ1941 ዓ.ም. ከሚስቱ ከሊና ተለይቶ ከሌላ ሴት ጋር መኖር ጀመረ። ይህን ማለፍ በቻልን ነበር፤ ነገር ግን ኋላ የደረሰባት ነገር ስለ ከበደ አንሸሽገውም። የጦርነቱ ዘመን እየተሰደደ በብዙ ሥራ አለፈ። በጃንዋሪ 1945 ዓ.ም. አምስተኛ ሲምፎኒውን በሞስኮ ሊመራ በትሩን ሲያነሣ ለጦሩ ድል መድፍ ስለ ተተኰሰ፥ ተኵሱ እስኪያበቃ ድረስ በትሩን እንዳነሣ ቆሞ ጠበቀ። ጥቂት ቀናት ቈይቶም በድንገት ወድቆ ራሱን ተመታ፤ ከዚያ ወዲህ ጤንነቱ አልተመለሰለትም። ሐኪሞች በቀን ከጥቂት ጊዜ በላይ እንዳይሠራ ከለከሉት።

በፌብሩዋሪ 10 ቀን 1948 ዓ.ም. የኮሙኒስቱ ፓርቲ፥ ፕሮኮፍዬፍና ሾስታኮቪችን የመሳሰሉ ደራስያን ሕዝብ የማይገባው ሙዚቃ ይጽፋሉ ሲል ነቀፋቸው። ከሥራዎቹ አንዳንዶቹ እንዳይሰሙ ተከለከሉ። ከ10 ቀን በኋላ ሊና ታሰረች፤ 20 ዓመት ተፈረደባት፤ ከእስር የወጣችው በ1956 ዓ.ም. ነው። ሁለቱ ልጆች እናታቸው መወሰዷን ለአባታቸው ለመንገር ወዳለበት ቤት ሄዱ። በዚያን ሰዓት አባትየው ምን እንዳሰበ ለመገመት ሞክረን አልቻልንም።

በነዚህ ዓመታት ግን ደጋግሞ ወደ ሕፃናት ተመለሰ። የክረምት እሳት የተባለ፥ ልጆች በበረዶ ወደ ጫካ ሄደው እሳት አንድደው ስለሚጫወቱበት ቀን የሚናገር ድርሰት ጻፈ። ሰባተኛ ሲምፎኒውንም መጀመሪያ ያሰበው ለሕፃናት የሬድዮ ክፍል ነበር። ሲምፎኒው በቀስታ ጸጥ ብሎ ያበቃል፤ ሽልማት እንዲያገኝ ከተፈለገ የሚያስደስት መጨረሻ ይጨመርበት ብለው ቢመክሩት ገንዘብ ቸግሮት ስለ ነበረ ጨመረበት፤ በልቡ ግን ጸጥተኛውን ይመርጥ ነበር። በኦክቶበር 1952 ዓ.ም. ሲምፎኒው በተሰማበት ማታ በሕዝብ ፊት ለመጨረሻ ጊዜ ታየ።

በማርች 5 ቀን 1953 ዓ.ም. ማታ በ61 ዓመቱ ዐረፈ። በዚያችው ማታ፥ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ልዩነት፥ ስታሊን ሞተ። የስታሊን አስከሬን የተቀመጠበት አዳራሽ ከፕሮኮፍዬፍ ቤት አጠገብ ስለ ነበረ መንገዱ ሁሉ በሕዝብ ተጨናንቆ የሬሳ መኪና ሊደርስ አልቻለም። ሣጥኑን ሰዎች በእጃቸው ተሸክመው በጓሮ መንገድ አሳልፈው ወሰዱት። በከተማዪቱ የነበረው አበባ በሙሉ ለስታሊን ስለ ሄደ ለእርሱ የሚሆን አልተገኘም። ጋዜጦቹም መሞቱን የተናገሩት ከቀናት በኋላ ነው። ናታልያ ሳጽ ግን ከግዞት ተርፋ በ1965 ዓ.ም. በሞስኮ የሕፃናት የሙዚቃ ቴያትር መሠረተች፤ ጴጥሮስና ተኵላውንም ለአዳዲስ ልጆች ስትነግር ኖራ በ1993 ዓ.ም. ሞተች።

ያን ቀን በአዳራሻችን ሙዚቃው ሊያበቃ ሲል ጴጥሮስ ከፊት፥ አዳኞቹ ተኵላውን እየመሩ ከኋላ፥ አያቱም ራሱን እየነቀነቀ በሰልፍ አለፉ። ሁላችንም ያለቀ መስሎን ልናጨበጭብ ስንል መምህራችን እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙን። በጸጥታው መካከል ኦቦው በጣም በቀስታ ተሰማ። ተኵላው ስለ ቸኰለ ዳክዬዋን የዋጣት ከነሕይወቷ ኖሯል፤ በሆዱ ውስጥ ሆና ትጮኻለች። ከፊታችን የተቀመጠች አንዲት የሁለተኛ ክፍል ልጅ ወደ መምህራችን ዞር ብላ፥ እንደ ዮናስ ትወጣ እንደ ሆነ ጠየቀቻቸው። መምህራችንም መልስ ሳይሰጧት ሙዚቃውን ከመጀመሪያው እንደ ገና አስጀመሩልን።